የአያ ምንይችል ፈረስና የእኔ ሽቶ

ዛሬ እንዴት እንደተሠራሁ ልንገራችሁና እናንተም ሳቁብኝ። ሠርገኛው ሁሉ ስቆ ጨርሷል!

ከቴሌግራም ሽቶ ገዛሁ። ተራ ሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ ፌሮሞን የሚሉት፣ ተቃራኒ ፆታን የሚስብ ጠረን ያለበት ነው። "አንዴ ርጭት ብቻ! የምትፈልጋት ሴት ሳይታወቃት ስሜቷ ይለወጣል፣ ወዳንተ ትሳባለች" ይላል ማስታወቂያው።

አመንሁ። እናንተ ሰናይትን ስላላያችኋት ነው የምትፈርዱብኝ!

ሰናይት እንጅባራ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ጠዋት ጠዋት በባጃጄ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ከ"እንደምን አደርሽ" አላለፍሁም። ዛሬ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የወንድሟ ሠርግ ነበር፤ እኔም ተጠርቻለሁ። አንዴ እርጭ የተባልሁትን ግማሽ ጠርሙስ አፈሰስሁት።

ድንኳኑ በር ላይ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። ሠራ! አልሁ በልቤ።

ወዲያው አባቷ አያ ምንይችል በፈረስ ደረሱ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከፈረስ ሲወርድ ወጣት ሮጦ ልጓም ይይዛል። አማች ለመሆን ያሰበማ ከሁሉም ቀድሞ ይሮጣል።

ሮጥሁ።

ፈረሱ ያልተኮላሸ ድንጉላ ነው፤ አንገቴን አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ የላይኛ ከንፈሩን ገለበጠና ጥርሱን አሳየ።

ከተሜዎች "ሳቀ" ትላላችሁ። አልሳቀም! ድንጉላ እንደዚያ የሚያደርገው ወንድ የፈለገች ባዝራ ስትሸተው ነው። ይህን የማያውቅ ደግሞ እዚያ ሠርግ ላይ አንድ ሰው አልነበረም።

ልጓሙን ለቅቄ ሸሸሁ። ተከተለኝ! ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ዞርን፤ እኔ ከፊት፣ እሱ እያሽካካ ከኋላ።

አያ ምንይችል ፈረሳቸውን ይዘው የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ "አንተ ልጅ፣ ምን ተቀብተህ ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"ሽቶ ነው፣ አያ።"

ባጃጄ ውስጥ ተደብቄ ለሻጩ ጻፍሁለት፦ "የወደደኝ ፈረስ ነው!"

መለሰልኝ፦ "እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ይሠራል ማለት ነው!"

ሰው እንዲህ ዓይኑን በጨው ያጥባል?

ሰናይት መጣች። ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

"ፌሮሞን ነው አይደል? ሰው ላይ መሥራቱ ገና አልተረጋገጠም። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

"አፍሬ ነዋ!"

"እኔስ ስድስት ወር ሙሉ ባጃጅህን የምጠብቀው ትምህርት ቤቱ ርቆኝ ይመስልሃል? ከቤቴ በእግር አምስት ደቂቃ ነው።"

አምስት ደቂቃ! ያን ሁሉ ጠዋት ሳመላልሳት አንዴ እንኳ አላሰብሁትም!

ነገ ሰኞ ነው፤ አደርሳታለሁ። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ሽታው አልለቀቀኝም።

እስቲ የእንጅባራ ልጆች ንገሩኝ፤ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ የማያልፍበት መንገድ የት አለ?