አንድ ሰው የቀረው የአይሪሽ መጠጥ ቤት

የአዲስ አበባ ሰው ባዶ ወንበር ካየ ባለቤት ይኖረዋል ብሎ አይጠረጥርም። እናንተም ብትሆኑ... «ሰው አለው?» ብላችሁ መልሱን ሳትሰሙ የተቀመጣችሁበት ቀን የለም? እንግዲያው አትፍረዱብኝ።

የጋበዘኝ ብሩክ የሚባል ልጅ ነው። የመጀመሪያ ቀጠሯችን። ከዓይን አፋርነቱ የተነሳ አስተናጋጅ ለመጥራት እጁን ከሚያነሳ ውኃ ቢጠማው ይመርጣል። እኔ ደግሞ... ታውቁኛላችሁ። እህቴ የሸኘችኝ «ዛሬ እንኳ እንደ ሰው ተቀመጪ» ብላ ነው። ልጁን ወድጄዋለሁ፤ አስደንግጬ እንዳላባርረው ፈርቻለሁ።

ሲግናል ሰፈር፣ የቀጠረኝ ቤት ስደርስ ብሩክ የለም። በራፉ ላይ «እውነተኛ የአይሪሽ ቤት» ተብሎ የተጻፈበት መጠጥ ቤት ጢም ብሏል። መድረክ የለ፣ ማይክ የለ፤ ሙዚቀኞቹ ክብ ጠረጴዛ ከበው፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ ለራሳቸው ይጫወታሉ። መሃላቸው አንድ ወንበር ባዶ ነው። «ይቻላል?» ብዬ ቁጭ።

ለካ ወንበሩ የተጫዋች ነው! ሙዚቃው ቆመ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከጎኔ ዋሽንት የያዘች የሀገሬ ልጅ ነበረች።

«ተራሽ ነው» አለችኝ።

«የምን ተራ?»

«ዝፈኚ።»

«ሰው እየጠበቅኩ እኮ ነው።»

«ዘፍነሽ ጠብቂዋ።»

ልነሳ ስል በሩ ላይ ብሩክን አየሁት። ሸሚዙን ተኩሶ፣ የበሩን እጀታ ጨብጦ ደርቋል። ወደ እሱ ብሄድ ቤቱ ሁሉ ይዞርበታል፤ በርግጎ ይጠፋል። ዝም ብል ዝምታው ይገድለኛል። አፌን ከፈትኩ... የማውቀው ዘፈን ሁሉ ጠፋ። ጠዋትና ማታ ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው የታክሲ ረዳት ብቻ ወጣ፦

«ሲግናል፣ መገናኛ፣ ላምበረት... ሲግናል፣ መገናኛ፣ ላምበረት...»

ባለ ቫዮሊኑ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ተከተለኝ። ከበሮው ገባ። የኋላ ጠረጴዛዎች «ላምበረት! ላምበረት!» እያሉ ተቀበሉኝ። አንዱ ፈረንጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ባለ ዋሽንቷን «ስለ ምንድን ነው?» አላት።

«ስለ ረጅም መንገድ» አለችው።

አልዋሸችም። በሥራ መውጫ ሰዓት ወደ ላምበረት የሄደ ያውቀዋል።

ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ አንድ ጣቴን አነሳሁ። «የሞላ... አንድ ሰው... አንድ ሰው የቀረው...»

ብሩክ እጀታውን ለቀቀ። ያ እጁን የማያነሳ ልጅ እጁን አነሳ።

«ቦታ አለ?»

«ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ!» አልኩ። አማርኛ የማያውቁት ሳይቀሩ ተጠጋጉ። የወንበሬን ግማሽ ሰጠሁት።

ገና ከመቀመጡ ባለ ዋሽንቷ «ተራህ ነው» አለችው። ብሩክ እኔን አየ፣ ቤቱን አየ፣ ላቡን ጠረገ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በዜማ፦

«ወራጅ አለ...»

ቤቱ አብሮት ዘፈነው። እሱ ግን አልወረደም።