የልጄ ፊትና የእኔ አፍ

ብጉር ከምን እንደሚመጣ አላውቅም የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ሌላ በሽታ ሲሆን ሐኪም እንጠይቃለን፤ ብጉር ያወጣ ፊት ሲገጥመን ግን ሁላችንም ሐኪም ነን። አንዱ ቸኮሌት ነው ይላል፣ ሌላው ቅባት የበዛበት ምግብ፣ ሦስተኛው ለውዝ። ተንኮል ቢጤ የሚወድ ደግሞ «ፍቅር ይዟት ነው» ብሎ ይስቃል። ባለ ብጉሩ እዚያው ቆሞ ይሰማናል፤ እሱን ግን የሚጠይቅ የለም። እኔም ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱ ነበርኩ። ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል።

ልጄ ሶስና ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የተወለደችው፤ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ስትናደድ ጭራሽ አትመልስም። አምና ትምህርት ቤት ሲከፈት ግንባሯ ላይ ሁለት ሦስት ብጉር አወጣች፤ ብዙም ሳይቆይ ጉንጯም አገጯም ሞላ። ጠዋት ስትወጣ «ታጥበሻል?» እላታለሁ። ማታ ስትገባም «ታጥበሻል?» እላታለሁ። የእኔ ሕክምና በዚህ አለቀ።

እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ከተማ የምትኖረው የባለቤቴ ታናሽ እህት ወንድ ልጅ ተገላግላ አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ገንፎው ተበልቶ ሰው ሁሉ ሲጫወት፣ በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ የሆኑት እትዬ ዘነበች ሶስናን ትኩር ብለው አዩና ፊቷን ምን እንዳገኘው ጠየቋት። መልሱን ለእሷ ብተወው ምን ነበረበት?

«ቆሻሻ ነው፣ እትዬ። ውሃ ትፈራለች» አልኩ።

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ በገዛ ቀልዴ መሳቄ ነው። ሶስና ሳህኗን አስቀምጣ፣ ከእናቷ የመኪና ቁልፍ ተቀብላ ወጣች። እስክንወጣ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችን። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ፤ የእኔን ያን ቀን ቤት ሙሉ ሰው አይቶታል።

ከዚያ በኋላ ሶስና መታጠቢያ ቤት ገብታ መቆለፍ አበዛች። ውሃው ሲወርድ ስሰማ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ደስ አለኝ። ምክሬ የሠራ መሰለኝ። ፊቷ ግን ባሰበት፤ ቀላ፣ ተላጠ። በመጨረሻ ባለቤቴ ትርሲት የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ያዘችላት፤ ቀኑ ሲደርስ ትርሲት ሥራ ስለነበረች እኔ ወሰድኳት።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትታጠብ ሶስናን ጠየቀቻት። ሰባት ስምንት ጊዜ፣ አለች ልጄ መሬት መሬት እያየች። በምን? በሰሃን ማጠቢያ ስፖንጅ፣ በሻካራው በኩል። ትምህርት ቤትም ምሳዋን እየተወች ሽንት ቤት ገብታ ስትታጠብ ኖራለች።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሆርሞን ሲለዋወጥ ቆዳ ወዝ ያበዛል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ብጉር ይወጣል፤ ነገሩ ከቆሻሻ እንዳልሆነ፣ መፈግፈግም እንደሚያባብሰው አስረዳችኝ። ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል ብላም፣ ከቤተሰብ ያወጣ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኩ።

እንግዲህ ይህን ጢሜን ለውበት ያሳደግሁት እንዳይመስላችሁ። ከሥሩ ያለው ጉንጬ እንደ ተወቀረ ወፍጮ ነው። በዐሥራዎቹ ዕድሜዬ የተነሳሁት አንድም ፎቶ የለኝም፤ ካሜራ ሲወጣ ከሰው ጀርባ እሸጎጥ ነበር። ይህን ትርሲት ታውቃለች፣ ሶስና አታውቅም።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተር ሳላስነሳ፣ ሐኪሟን መዋሸቴን ነገርኳት። እጇን ይዤ ከጢሙ ሥር ጉንጬን አስነካኋት። ጣቷ እዚያው ትንሽ ቆየ።

«ታዲያ እያወቅህ ለምን?» አለችኝ፣ በአማርኛ።

ሲሳቅብኝ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ሳቁ ወደ ሌላ ሲዞር ያረፍኩ መስሎኝ ይሆናል ብዬ አሁን አስባለሁ። በራሴ ልጅ ላይ ግን! ያን ጊዜ ይቅርታ አድርጊልኝ ብቻ አልኳት። «ኦኬ» አለች። ኦኬ ይቅርታ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መድኃኒቱን ጀመረች፤ መፈግፈጉንም ተወች። አርባ ቀን ሞልቶ ሕፃኑ ክርስትና ሲነሳ እነዚያው ሰዎች እዚያው ቤት ተሰበሰቡ። ሰው ፊት የበደልኩትን ሰው ፊት ልካስ ብዬ ከምሳ በኋላ ብድግ አልኩ። ልጄ ከሁላችንም በላይ ንጹሕ መሆኗን፣ ብጉሩም ከእኔ የወረሰችው እንደሆነ ተናገርኩ። ጢሜንም ገለጥ አድርጌ አሳየሁ። እትዬ ዘነበች የእሳቸው ብጉር ሁለተኛ ልጃቸውን እስኪወልዱ እንዳልለቀቃቸው ተናገሩ። ሌላውም የራሱን አወጣ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሶስና ዞሮ፣ ጉንጯ መሻሉን፣ አገጯ ላይ ትንሽ መቅረቱን እየተቀባበለ ይመረምራት ጀመር። እኔ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ሶስና እጅጌዬን ሳብ አደረገች።

«አባዬ፣ ስለ ፊቴ ማውራት ተው» አለችኝ በቀስታ።

ተውኩ። ታዲያ ይሄን እንዴት ጻፍከው ብትሉኝ አስፈቅጃታለሁ፤ ጓደኞቿ አማርኛ ስለማያነቡ ግድ እንደሌላት ነገረችኝ። እናንተ ግን ታነባላችሁ። ስታገኟት እባካችሁ ስለ ትምህርቷ ጠይቋት።