አባ ማኅተም የሦስት እጅን ምሥጢር እንደ ፈቱ

ግድግዳው ቆዳውን መጣል በጀመረ በሰባተኛው ዓመት፣ ከአሸንዳው ሽንፈት ወዲህ በአራተኛው፣ የጉልበት ሕመም በነገሠ በመጀመሪያው ዘመን፣ ዝናብ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የሠላሳ አራት ዓመት የፖስታ ቤት ማኅተም መቺ፣ የስድስት መስኮትና የአንድ በረንዳ ጌታ፣ ጡረታ ያላጎበጣቸው፣ ወንበር ያልጠገባቸው፣ ቤት አከራዬ አባ ማኅተም የቤታቸውን የውጭ ግድግዳ የማስቀባት ዋጋ ምን እንደ ሆነ ይረዱ ዘንድ ተነሡ። ይህን ዜና የጻፍሁ እኔ የጓሮው ክፍል ተከራይ፣ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ያላየሁትን አልጽፍም፤ ኪራይ እንዳይጨመርብኝም ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም።

የአሸንዳው ሽንፈት የሚባለው እንዲህ ነበር። አንድ ቆርቆሮ ሠሪ መጥቶ ስለ ጣሪያው ብዙ ሲናገር፣ አባ ማኅተም አንዱም ሳይገባቸው ሁሉም እንደ ገባው ሰው ሆነው፣ ደብዳቤ ላይ ማኅተም እንደሚመቱ፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ አሸንዳው በተሰቀለ በመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን ውሃ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ሰብስቦ በጎረቤታቸው መኝታ ቤት መስኮት አስገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱ ቃል ከአባ ማኅተም ወጥቶ ወደ ባለቤታቸው ወደ እቴጌ ሄደ፤ አናጢ ቢመጣ፣ ቆጣሪ አንባቢ ቢመጣ፣ ለእርሳቸው ሰላምታ ሰጥቶ ወደ እቴጌ ያልፋል እንጂ አንዳች ነገር የሚጠይቃቸው አልተገኘም። ይህም አንገበገባቸው። በር በተንኳኳ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይሉና፣ የተፈለጉት እርሳቸው እንዳልሆኑ ሲያዩ ወንበሩን እንደሚያስተካክል ሰው ሆነው መልሰው ይቀመጡ ነበር፤ እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ ሁሉ ወደ ክፍሌ እገባለሁ፤ ማየቱ ያሳፍራልና።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ እቴጌ እግሯ የተሰበረ እህታቸውን ሊያስታምሙ ለሦስት ቀን ሲወጡ፣ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ በበረንዳው ደረጃ ላይ ቆመው እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፦

«ያልሰማህ ስማ! ማክሰኞ ቀለም ቀቢው ይመጣል፣ እኔ የለሁም። ሰውዬውን ጠይቀህ ተረድተህ ጠብቀኝ። ስንት እንደሆነ አይደለም፣ ለምን እንደዛ እንደሆነ! ሳይገባህ እሺ ብለህ ብትገኝ ግን ወንድሜን እጠራዋለሁ። ከዛ በኋላ የቤቱን ነገር እሱ ይያዘው፣ እኔም ደክሞኛል።»

ይህ ወንድማቸው በሰፈሩ ሊቀ ሁሉ ተብሎ የሚጠራው ነው፤ ለሐኪም በሽታን፣ ለሹፌር መንገድን የሚያስረዳ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሲመጣም የማይሄድ። እርሱ ቤቱን ከያዘ አባ ማኅተም የመጋረጃውን ቀለም እንኳ በሩቁ እንደሚሰሙ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ የዚያች ማክሰኞ ነገር የግድግዳ ነገር ብቻ አልነበረም።

በዕለተ ማክሰኞ በማለዳ አባ ማኅተም የሥራ ዘመናቸውን ኮት ለብሰው፣ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው ሰክተው ወደ ግቢው ወጡ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፤ በቀኛቸው እኔ ጸሐፊያቸው ደብተር ይዤ፣ በግራቸው የማዶው ልብስ ሰፊ ሜትሩን ከአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ከኋላቸውም ማንም ያልጠራት የልብስ ሰፊው ድመት። ልብስ ሰፊው የመጣው ሜትሩን አውሰን ስላልነው ነው፤ እርሱ ግን ሜትሩን ለብቻው ሰድዶ አያውቅም፣ ሜትሩ በሄደበት ይሄዳል። ሜትሩም የልብስ ሜትር በመሆኑ ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፍም፤ እኛም በጠመኔ ምልክት እያደረግን፣ እየተንበረከክን፣ እየተነሣን፣ የፊት ለፊቱን ደረት፣ የግራና የቀኙን እጅጌ፣ የጓሮውን ጀርባ፣ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ያለውንም ቁመት ለካን። ልብስ ሰፊው በልማዱ ለስፌት ሁለት ሁለት ጣት ጨመረ፤ ግድግዳውንም ትንፋሽ ያዝ ብሎ ሲያዝዘው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዙሪያውን በቁመት አባዝተን፣ በርና መስኮቱን ቀንሰን፣ ካሬውን አገኘን፤ አባ ማኅተምም ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስምረውበት ከኪሳቸው ከተቱት።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቀለም ቀቢው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የጫማው የጥንት ቀለም ከተንጠባጠበበት ብዛት የማይታወቅ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ቤቱን አንዴ ዞረ፤ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፤ በጥፍሩ ፋቀና አንድ ልጣጭ አወረደ፤ ከዚያ ይህን ብቻ አውጆ ሄደ፦

«ይሄ ግድግዳ ሦስት እጅ ይፈልጋል። የእጅ ዋጋ ለብቻ፣ ዕቃ ለብቻ። ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ።»

እሺ የምትለው ቃል በአባ ማኅተም ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ስትል አየኋት፤ ዋጧትም። ያን ጊዜ ጉባኤ ተቀመጠ። ሦስት እጅ አለ፤ ምን ማለቱ ነው? ልብስ ሰፊው ቀድሞ ተረጐመ፦ እጅ ያለው የሠራተኛ እጅ ነው፣ ሦስት እጅ ማለትም አንድ ሰው ተኩል ማለት ነው፤ አንድም፣ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፣ የአንደኛው አንድ እጅ ግን ስልክ ይይዛል። እኔ በበኩሌ፣ አንድም ሦስት እጥፍ ነው፣ ዋጋውን ከሌላው ቤት ሦስት እጅ ሊያደርገው ነው ብዬ ተረጐምሁ። አባ ማኅተም ሁለቱንም ትርጓሜ መዝነው የልብስ ሰፊውን ያዙ፤ ምክንያቱም ሰውየው በራሱ አፍ የእጅ ዋጋ ለብቻ ብሏልና። ጎዶሎ ሠራተኛ ወደ ግቢያቸው እንዳይገባም ቆረጡ።

ቀለም ቀቢው ዋጋውን በወረቀት ጽፎ ሲመለስ አባ ማኅተም በደረጃው ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን እስከ አጥር ማዶ ከፍ አድርገው አወጁ፦

«ጎዶሎ አልቀበልም! አራት እጅ ይሁን፣ ዋጋውም ይቀንስ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው!»

ቀለም ቀቢው ስለ ሎሚው ትንሽ አሰበና ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ዋጋውን ከፍ አደረገ። አባ ማኅተም ይህን እንደ ድፍረት ቆጥረው አምስት አሉ፤ ዋጋው ደግሞ ከፍ አለ። ደማቸው ፈላ፤ ስድስት! ብለው ጮኹ፤ አሸንዳው ያዘነበበት ያ ጎረቤት ሳይቀር በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። በዓለም ታሪክ ገዢ ዋጋውን ሽቅብ እየነዳ፣ ሻጭ በትዝብት የተከተለበት የመጀመሪያው ክርክር ይህ ይመስለኛል። በመጨረሻ ቀለም ቀቢው እርሳሱን ወደ ጆሮው መለሰና ተናገረ፦

«ጋሼ፣ እኔ ሥራ አልጠላም። ግን ስድስት እጅ ከቀባሁት መስኮትዎ አይከፈትም።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ። አባ ማኅተም የሆነ ነገር እንደ ሳቱ ገባቸው፤ ምን እንደ ሆነ ግን አልገባቸውም፤ ፊታቸውም ቀላ። ቀላሉ መንገድ ቀልድ ነበር ብሎ መሳቅ፣ ራስን መነቅነቅና ያለውን መቀበል ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ መንገድ ሄደዋል። እርሳቸው ግን ከደረጃው ወርደው፣ በሰውየው ፊት ቆመው፣ ከቀድሞው ይልቅ በዝግታ እንዲህ አወጁ፦

«አልገባኝም። እጅ ስትል ምን ማለትህ ነው? ከመጀመሪያው አስረዳኝ፣ ጊዜ አለኝ።»

ይህን ስጽፍ ብዕሬ ትንሽ ቆማለች። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ ተከራይህና ልብስ ሰፊህ እያዩህ፣ ጎረቤትህ በመስኮት እየሰማህ አልገባኝም ማለት ከባድ ነው፤ እኔ አልችለውም ነበር። ቃል ቆጣቢው ቀለም ቀቢም ተቀየረ፤ የአባ ማኅተምን መዳፍ ይዞ ግድግዳው ላይ ቢያሳርፈው መዳፋቸው ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ እንደ ውሃ ፈሰሰ፦

«ሃያ ዓመት ስሠራ ስንት ነው እንጂ ለምን ያለኝ የለም። እጅ ማለት ቤቱን ዙሪያውን አንዴ ቀብቶ መጨረስ ነው። ሦስት እጅ፣ ሦስት ጊዜ። ግን ይዩት፣ አሮጌው ቀለም ዱቄት ሆኗል። በዱቄት ላይ ቢቀቡት ከዱቄቱ ጋር ይወርዳል። መጀመሪያ ይፋቃል፣ ይታጠባል፣ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ይደርቃል። ከዋጋው ግማሹ የቀለሙ ክዳን ሳይከፈት ያልቃል። ከዛ አንደኛው እጅ ለግድግዳው ነው፣ ሁለተኛው ለመልኩ፣ ሦስተኛው ለዝናቡ።»

አባ ማኅተም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ጎርፍ ጠየቁ። በቀለም ቀቢው ሒሳብ መስኮቶቹ ከካሬው ለምን እንዳልተቀነሱ ቢጠይቁ፣ የመስኮት ጠርዝ በትንሽ ብሩሽ እየተጠነቀቁ መዞር ከሜዳው ግድግዳ ይልቅ ጊዜ እንደሚበላ ተነገራቸው፤ ልብስ ሰፊውም የቁልፍ ቀዳዳ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ከልቡ አዎን አለ። መሰላል ለምን እንደማይበቃ፣ ከፍታ ላይ ለመቆም እንጨት መገጣጠምና ማፍረስ የስንት ቀን ሥራ እንደ ሆነም ተረዱ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ወረወሩ፤ ሦስተኛው እጅ ለዝናቡ ከሆነ፣ በረንዳው የሚከልለውን የፊት ግድግዳ የትኛው ዝናብ ያየዋል? ቀለም ቀቢው ወደ በረንዳው ገባ፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ቆይቶም ለዚያ ወገን ሁለት እጅ እንደሚበቃ አወጀ። እርሳሱ ከጆሮው ወረደ፤ ዋጋውም አብሮ ወረደ። በጩኸት ሽቅብ የሄደው፣ በጥያቄ ቁልቁል መጣ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እቴጌ ተመለሱ፤ ሊቀ ሁሉም አብሯቸው ነበር። ያ ጎረቤት፣ ባልሽ ስድስት እጅ እያለ ሲጮህ ሰማሁት ብሎ በስልክ ነግሯቸው ነበርና፣ ዳግመኛ አሸንዳ መጣ ብለው ወንድማቸውን ይዘው ገቡ። ሊቀ ሁሉ ግቢውን ሳይዞር፣ ኮቱንም ሳያወልቅ አወጀ፦

«ይሄ ደግሞ ምን ይጠየቃል? ርካሽ ውሃ ቀለም አንዴ ደፍቶ መገላገል ነው!»

አባ ማኅተም አልተቆጡም። የአማቻቸውን እጅ በቀስታ ይዘው ግድግዳው ላይ አሳረፉት፤ ነጭ ሆኖ ሲመለስም፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው፣ መፋቁን፣ ማጠቡን፣ መድፈኑን፣ ሦስቱንም እጅ አንድ በአንድ አስረዱት። እቴጌ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ሰሙ። ስድስት እጅ የተባለው ምን እንደ ነበረ ጠየቁ፤ ባላቸው አንዳች ሳይደብቁ ስሕተታቸውን ተናገሩ፤ እቴጌም እንዳይስቁ ከንፈራቸውን ነከሱ። ጓሮው ለምን ሦስት፣ ፊቱ ለምን ሁለት እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ተመለሰላቸው። ሥራው ተጋምሶ ዝናብ ቢመጣስ፣ የታጠበውን ዳግመኛ የማጠቡ ዋጋ የማን ነው ብለው ጠየቁ።

አባ ማኅተም አሰቡ። ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ፣ እኔም በክፍሌ በር ላይ ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያም አወጁ፦

«እሱን አልጠየቅኩትም። ነገ እጠይቀዋለሁ።»

ያ መልስ፣ ካወቁት ሁሉ ይልቅ፣ እቴጌን ያሳመነ ይመስለኛል። ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ለወንድማቸው አስያዙና፣ ጎረቤትም እንዲሰማ ቃላቸውን ከፍ አድርገው የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦

«ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ቤት የሚጠይቅ ካለ፣ እሱን ይጠይቅ። እኔን አትጠይቁኝ።»

ግድግዳውስ ተቀባ ወይ የሚል አንባቢ ቢነሣ፣ ይህ የመረዳት ዜና እንጂ የመቀባት ዜና አይደለም፤ መፋቁ ሰኞ ይጀመራል። ስለዚህ ክብርና ምስጋና ይድረሳቸው ለአባ ማኅተም፣ የሦስቱን እጅ ምሥጢር ለፈቱት፣ ዋጋን በጥያቄ ላወረዱት፣ ስድስተኛውን እጅ ጠርተው ከስድስተኛው እጅ ላመለጡት። ግድግዳ ያስቀቡ ብዙዎች ናቸው፤ ዋጋ የተከራከሩም ብዙዎች ናቸው፤ በሰው ፊት አልገባኝም ያሉ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ከእነርሱም አንዱ ቤት አከራዬ ናቸው።