ደጉ መኪና ሻጭ

ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሄዶ ጎማ በእግሩ የሚመታ ሰው አታውቁም? ጎረቤቴ አብዲ እንደዚያ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናውን ሲገዛ ቀለሙን በጥፍሩ ፈተሸ፣ ምንጣፉን ገልጦ አሸተተ። መኪናው ከሻጩ ስልክ ጋር እንደተገናኘ መቅረቱን ግን አልጠየቀም። ስልክ ደግሞ በእግር አይመታም!

አንድ ቀን በርጫ ላይ ጫት እየቃምን ሳለን ሻጩ ከአዲስ አበባ ደወለለት። «አብዲ፣ የመኪናህን መስኮት ክፍት ትተኸዋል፤ ከዚህ በስልኬ ልዝጋልህ?»

«ዝጋልኝ አቦ፣ አላህ ይስጥህ!» አለና ወደ እኛ ዞረ። «ሰው ማለት እንዲህ ነው።»

ቤት ሲገባም ለሚስቱ ለፋጡማ የሻጩን ደግነት አወራላት፤ ለክፉ ቀን ብሎ ቁጥሩንም ሰጣት።

ክፉው ቀን አልዘገየም። በማግስቱ ለአብዲ ስትደውልለት፣ እኛ ጋ በርጫው ላይ ጋደም እንዳለ «ቢዮ አዋሌ ነኝ፣ ከከተማ ውጪ ሥራ ላይ» አላት። ፋጡማ ስልኩን ዘጋችና ከሩብ ሰዓት በኋላ በራችንን አንኳኳች።

ዛሬ ፋጡማ ባሏ የት እንዳለ ለማወቅ አብዲ ጋ አትደውልም። አዲስ አበባ ነው የምትደውለው።