ሙርሳል የብረት ምድጃውን ንፋስ ድል የነሡበት ዜና

የብረቱ ምድጃ ከሱዳን በግመል ተጭኖ ሆሞሻ በገባ በማግስቱ ዓመት፣ በዘመነ ጢስ፣ ወርኃ ሐምሌ ሲጋመስ፣ መዋዔ ነበልባል፣ ስዩመ ፍሕም፣ አባ ጢስ ሙርሳል ማሽላቸውን አረም ቢውጥባቸው ደቦ ጠሩ። የአዋጃቸውም ቃል ይህ ነበር፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። መኮትኮቻህን ይዘህ ና። ገንፎውን በብረት ምድጃዬ የማበስለው እኔ ነኝ፤ የምድጃውን በር ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካ።»

ይህን ሰምተው ዐብዱልቃድር ባለ ረጅም ዛቢያው፣ በመብላት የማይታማው ኻሚስ፣ ወንድሞቻቸው፣ አማቾቻቸው፣ ውሾቻቸው ሳይቀሩ መጥተው ማሳው ላይ ሰፈሩ። የደቦው ሕግ ግን ጽኑ ነው፤ እኩለ ቀን ደርሶ ገንፎ ያላየ አራሚ ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ያለው ማሳ ደግሞ የጁምዓ ነው፤ ጁምዓም የዚያኑ ዕለት ፍየል አርዷል። ማሽላው ካልታረመ ደግሞ የዓመቱ እህል የለም።

ወእምዝ ሙርሳል፣ በማሳው ዳር ካለው ጎጆ ገብተው፣ እሳት ንፋስ ሲበዛለት ይበረታል ብለው የምድጃውን በር ወለል አድርገው ከፈቱ፤ ቀርከሃ መሰንጠቅም የደካማ ሥራ ነው ብለው ድፍኑን ማገዱት። እሳቱ አጓራ፣ ብረቱ ቀላ፣ ገንፎው አረረ፤ ቀርከሃውም አንጓ በአንጓ እንደ ጠመንጃ ተንጣጣ፤ አራሚው ሁሉ ዘማች መጣብን ብሎ አረሙ ውስጥ ተኛ፤ የበሩም መቀርቀሪያ ተፈናጥሮ ጠፋ። ሙርሳል ደንግጠው ሌላ ድስት ጣዱና በሩን ጥርቅም አደረጉት። እሳቱ ታፈነ፣ ጢሱ ጎጆውን ሞላው፣ ውሃውም አልፈላም አለ።

በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው ብኸይታ፣ እያሳሉ፣ ከደጃፍ ቆመው የራሳቸውን አዋጅ ነገሩ፦ «የሐመድ አባት፣ አንዱን ገንፎ አሳረርክ፣ አንዱን ጥሬ ልታስቀር ነው። በሩ ግማሽ ይከፈት፣ ግማሽ ይዘጋ። እኔ አማስላለሁ፤ አንተ በሩን ያዝ። ከተነሣህ ሰዉ ፍየል ሊበላ ይሄዳል።»

ሙርሳልም በሩን በድንጋይ ቢደግፉት ተንሸራተተ፣ በእንጨት ቢደግፉት ነደደ፤ የቀራቸው እግራቸው ብቻ ስለሆነ የጫማቸውን ተረከዝ ሰክተው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነበልባሉ አደብ ገዛ፣ ፍሙ እኩል ጋለ፣ ገንፎውም ቡልቅ ቡልቅ አለ። ወደ ጁምዓ ማሳ ፊታቸውን ያዞሩት ሁሉ ተመለሱ፤ በድስት ላይ ድስት ተተካ፤ ኻሚስም ስሙን አላሳፈረም። ሙርሳል ግን ጫማቸው እየሸተተ፣ ላባቸው እየወረደ፣ አንዲት ጉርሻ የሚያስታውሳቸው አጥተው፣ ሆዳቸው እየባሰባቸው ጸኑ። ማሳው ጠርቶ አራሚው ሲመርቃቸው ተነሡ፤ ድስቱንም ተልሶ አገኙት።

እነሆ፣ በር የከፈተ ጀግና ብዙ ነው፤ በር የዘጋም እንዲሁ። በሩን ግማሽ ከፍቶ፣ ተረከዙን አቃጥሎ፣ ጦሙን ውሎ ሠራዊት ያጠገበ ግን ከአባ ጢስ ሙርሳል በፊት አልተሰማም፤ ከእንግዲህም፣ ብኸይታ ካላዘዙ በቀር፣ አይሰማም።