ሰርቨሩን ቀትር ላይ ያሳረፍን ሰዎች

እኔ ደንጋጭ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ ልንገራችሁና እንግባባ። ስልኬ ሲጠራ እደነግጣለሁ። ሳይጠራ ሲውል ደግሞ ሰዎቹ ምን ሆኑ ብዬ እደነግጣለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሰመራ ላይ የሕዝብ መዝገብ የያዘ ሰርቨር ጠባቂ ተደርጎ ሲሾም ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት። ሰርቨር ማለት ያው ኮምፒውተር ነው። ልዩነቱ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቢሮው ሁሉ የሚሠራ መሆኑ ነው። የኛው ሰርቨር ልደት፣ ጋብቻና ሞት ይመዘግባል።

አንድ ቀን አዲስ ሰርቨር መጣልን። አሮጌው ስምንት ጊጋ ሚሞሪ ነበረው። የአዲሱን ወረቀት ሳነብ መቶ ሃያ ስምንት ይላል። ደነገጥኩ። የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት አልነበረም። በጀቱ ግን እዚያው ሚሞሪው ላይ አለቀና፣ ዲስክ የሚገዛበት ስላልተረፈ የአሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ተገጠመለት። አዲስ ኮት ለብሶ የድሮ ጫማውን እንዳደረገ ሙሽራ ሆነ ማለት ነው። መዝገቡ ተጽፎ የሚቀመጠው ዲስኩ ላይ ነው። ሚሞሪው ደግሞ ማሽኑ ሲሠራ የሚፈልገውን አቅርቦ የሚይዝበት ቦታ ነው። ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ማወቅና መረዳት ግን ለየቅል ናቸው።

በተተከለ በሳምንቱ ስንት ሚሞሪ እንደተረፈን ልይ ብዬ ከፈትኩት። ክው አልኩ። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ተይዟል። ማን ያዘው? ዳታቤዙ፣ መዝገቡን የሚያስቀምጠውና የሚያወጣው ፕሮግራም። ለአንድ ቢሮ ልደትና ጋብቻ ይህን ሁሉ? ሠራተኛው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቅሁና ደግሜ አየሁት። መስኮቱ ተዘግቷል፣ አንድ ሰው እንኳ አይጠቀምም፣ እሱ የያዘውን እንደያዘ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ተረቱ ሲተረት ሰርቨር ስላልነበረ ነው እንጂ ሦስተኛ ይጨመርበት ነበር።

በነጋታው ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ ጌታነህ ሮጥኩ። አቶ ጌታነህ የጎጃም ሰው ናቸው። ሰመራ ብዙ ዓመት ኖረዋል፣ ከዚህ አገር ከወደዱት ነገር ሁሉ የሚያስበልጡት የቀትር እንቅልፍን ነው። እኛ ጋ በሙቀቱ ወራት ቢሮ በማለዳ ይከፈታል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይዘጋል፣ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና ይከፈታል። በመሃል ከተማው ጭር ይላል። ባጃጅ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ታዲያ ማሽኑ ሚሞሪውን ጠርጎ በላው፣ አሁን አሁን ሊወድቅ ነው ስላቸው በጥሞና ሰሙኝ።

«ስንት ሰዓት ይሠራል?» አሉኝ።

«ሌት ተቀን።»

«ቀትር ላይስ?»

«ቀትር ላይም።»

ልጅ የሚበድል ሰው እንደያዙ ሁሉ አዩኝ። «ምን ነካህ? በዚህ አገር ቀትር ላይ ግመል እንኳ ይቀመጣል» አሉ። ትእዛዝ ወጣ። ቢሮ ሲዘጋ ሰርቨሩም ይጥፋ፣ አሥር ሰዓት ላይ ከሠራተኛው ጋር ይነሳ። እኔስ ምን አልኩ? ተቃወምኩ? ኧረ ደስ አለኝ። ምክንያቱም ጠፍቶ ሲነሳ ሚሞሪውን አየሁት፣ ከመቶ አምስት ብቻ። ንጹሕ። «ችግሩ ተፈትቷል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ፣ ተፈርሞ ፋይል ውስጥ ገባ።

ነገሩ በዘር የመጣብኝ ሳይሆን አይቀርም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ሳድግ አባቴ ማቀዝቀዣ ገዛ። በሰፈራችን የመጀመሪያው ነበር። አባቴ ለዕቃ ይሳሳል። ቀትር ሲሆን፣ አስፋልቱ ጫማ ሥር በሚለሰልስበት ሰዓት፣ ማቀዝቀዣውን ይነቅለዋል። «ትንፋሽ ይውሰድ» ይላል። ሥጋው ይሸታል፣ ቅቤው ዘይት ይሆናል። እናቴ ታዲያ ይሄ ዕቃ መቼ ሊሠራ ነው የተገዛው ብትለው «ሲበርድ» አላት። ይህን ለሰው ስናገር ሃያ ዓመት ስቄበታለሁ።

አሁን ወደ ሰርቨሩ እንመለስ። ዘሃራ የምትባል የመስኮት ሠራተኛ አለችን፣ የደሴ ልጅ ናት። ባለጉዳይ የሚያገኘው መጀመሪያ እሷን ነው፣ የሚቆጣውም እሷን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ «ኢንጂነር፣ ይሄ ማሽን ከእንቅልፉ ሲነሳ ይደነዝዛል። አንድ ስም ለማውጣት ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል» አለችኝ። ኢንጂነር የሚሉኝ ቢሮው ሁሉ ነው፣ እኔ ግን የሁለት ሳምንት ሥልጠና ነው ያለኝ። ሙቀት ነው አልኳት። ሰመራ ላይ ከሰዓት በኋላ የማይደነዝዝ ማን አለ? እሷም እውነትህን ነው ብላ ተመለሰች።

ወሬው ግን ቢሮ ውስጥ አልቀረም። የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሳይጨዋወት አያልፍም። ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ለሌላው ይነግራል፣ ሌላውም እንዲሁ። ዳጉ ይሉታል። ምንም አይጎድልም፣ ምንም አይጨመርም። እናላችሁ በሳምንት ውስጥ በጅቡቲ መንገድ ዲቾቶ ላይ የቆመ የከባድ መኪና ሾፌር ሳይቀር፣ የሰመራው አዲሱ ማሽን ከሰዓት በኋላ እንደማይሠራ ያውቃል። የጠዋቱ ሰልፍ በእጥፍ ጨመረ። እኔ ደግሞ አገልግሎታችን ስለተወደደ መስሎኝ ይህንንም ሪፖርት አደረግሁት።

እንዲህ እያልን ሳለ አባባ ሁመድ መጡ። የሰርዶ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ዱላቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ቆሙ። ጉዳያቸው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ከሌለ የሐጅ ተጓዦች ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። ዝርዝሩ ደግሞ የሚዘጋው በዚያው ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዘሃራ ሳቅ ብላ «አብሽሩ አባባ፣ ይደርሳል ኢንሻ አላህ» አለቻቸውና ስማቸውን አስገባች። ማሽኑ ዝም አለ። ሁመድ መሐመድ ሁመድ የሚባል ሰው አፋር ውስጥ ስንት እንዳለ አስቡት፣ ያን ሁሉ መዝገብ አንድ በአንድ ይፈትሻል። አሥር ተኩል ሆነ። አሥራ አንድ ሊሆን ተቃረበ። ዘሃራ መሳቋን አቆመችና ጠራችኝ።

ቀርቤ ሙቀቱ ነው አባባ፣ ትንሽ ይታገሡ አልኳቸው።

«አንተ፣ እኔ ሙቀት አውቃለሁ» አሉኝ። «ጠዋት እዚሁ ነበርኩ። ይህቺ ልጅ ስሜን ስትነግረው ወዲያው አወጣኝ። የአባቴን ስም፣ የተወለድኩበትን፣ ሁሉንም አወቀ። ፎቶ አምጣ አለችኝ፣ ሄድኩ፣ ተነሳሁ፣ መጣሁ። አሁን አላውቅህም ይለኛል። ጠዋት የሚያውቀኝ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚረሳኝ ምን አድርጌው ነው?»

ፎቶግራፋቸውን በሁለት ጣት ይዘውታል። ጉልበቴ ዘንድሮ ይሄዳል፣ ከርሞን አላውቅም አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባሁ። ሚሞሪው ከመቶ አሥራ ሁለቱ ብቻ ተይዟል፣ የቀረው ባዶ። የዲስኩ መብራት ግን ያለ ፋታ ይርገበገባል። ቆሜ አየሁት። ጠዋት አወቀኝ ነው ያሉት። ጠዋት ሚሞሪው ምን ነበር? ሙሉ። ከሰዓትስ? እኔው በገዛ እጄ ያጠፋሁት። ያን ጊዜ የደነገጥኩት ድንጋጤ፣ እውነቴን ነው፣ እስከዚያ ድረስ በሕይወቴ የደነገጥኩትን ሁሉ አስናቀኝ።

የሰይድን ሱቅ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሰይድ ከቢሮአችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የወሎ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ክብሪት፣ ተምር፣ ባትሪ ተከምሮ እጅ ማሳረፊያ የለም። አንድ ጊዜ ለምን ይህን ሁሉ መጋዘን አታስገባውም፣ ቦታ ይኖርህ ነበር ብዬው ነበር። «ወላሂ አንተ ሰው ሱቅ አታውቅም» አለኝ። «ስኳር በተጠየቅሁ ቁጥር መጋዘን ልሩጥ? ጠረጴዛው የተሞላው ሰው የሚጠይቀውን ስለማውቅ ነው። ባዶ ጠረጴዛ ምን ይሠራልኛል?» ዳታቤዙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዴ ከዲስክ ያወጣውን መልሶ አይጥልም፣ ነገም ይጠየቃል ብሎ ሚሞሪው ላይ ያቆየዋል። ያልተያዘ ሚሞሪ የተጠራቀመ ሀብት አይደለም፣ ያልተሠራበት ቦታ ነው። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? በየቀኑ ቀትር ላይ የሰውየውን ጠረጴዛ ጠርገን፣ ዕቃውን መጋዘን መልሰን፣ አሥር ሰዓት ላይ ደንበኛ ሰደድንበት። መጋዘኑ ደግሞ ያ አሮጌ ዲስክ ነው።

አሥራ አንድ ከሩብ ሆኗል። ወጥቼ ዘሃራን መስኮቱን ዝጊ፣ አንድም ስም እንዳይገባ አልኳት። ሰልፉ አጉረመረመ። ማሽኑን የልደት መዝገቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲያነብ አዘዝኩት፣ አንብቦ ሚሞሪው ላይ እንዲይዘው። ማንም ካልረበሸው ይፈጥናል ብዬ ነው። ካልፈጠነስ? ሌላ መላ የለኝም። የተያዘው ሚሞሪ ከመቶ ሃያ ሆነ። አባባ ሁመድ የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ። ሠላሳ ሆነ። ከአንድ ወር በፊት ይህ ቁጥር ሲጨምር ያንቀጠቅጠኝ ነበር፣ አሁን ጨምር እያልኩ እለምነዋለሁ። አምሳ ላይ ሲደርስ አቶ ጌታነህ መጡ። ከኋላዬ ቆመው ቁጥሩን አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሊሞላ ነው፣ አጥፋው» አሉኝ።

«ይሙላ» አልኳቸው። ለአለቃዬ እንዲህ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸውም ደነገጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

አሥራ አንድ ተኩል ካለፈ በኋላ ማንበቡን ጨረሰ። ዘሃራ ስሙን ጻፈች። ጣቷን ሳታነሳ ሁመድ መሐመድ ሁመድ፣ ከነአባታቸው፣ ከነተወለዱበት ወጡ። ታተመ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት። አባባ ሁመድ ወረቀቱን ተቀብለው ፈጥነው ወጡ። በመስኮት ሳይ የተሳፈሩበት ባጃጅ ዱላቸው በጎኑ እንደወጣ ሄደ። መድረሳቸውን ያወቅሁት በነጋታው ነው። የማኅተሙ ቀለም ሳይደርቅ ከመዝጊያው ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብለው ገብተዋል።

እኔ ግን በነጋታው ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አወጣሁ። ከመጣ ጀምሮ ላስቲኩ አልተቀደደም ነበር። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ፣ ዳታቤዙ ሚሞሪውን ቢሞላው አትደንግጡ፣ ለማሽኑ ለራሱ ትንሽ ተውለትና የቀረውን ይያዘው ይላል። አትደንግጡ የሚለውን ሳነብ እንደገና ደነገጥኩ። የቀትሩ እረፍት ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው ብቻ ሆነ። «ችግሩ ተፈትቷል» የሚለው ሪፖርቴ ግን እስካሁን ፋይል ውስጥ አለ። ማውጣት አልቻልኩም፣ ተፈርሞበታላ።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት አባባ ሁመድ፣ አሁንማ ሐጂ ሁመድ፣ ቢሮ መጡ። ለዘሃራ ተምር ሰጧት፣ ለኔም ዘግነው ሰጡኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው «መካ ላይ ዱዓ አድርጌልሃለሁ» አሉኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ያውም ያን ቀን በኔ ጥፋት ከሐጅ ሊቀሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እኔን አስታውሰው መለመናቸው ከበደኝ። ምን ብለው ለመኑልኝ አባባ አልኳቸው።

«ያ ረብ፣ ለዚያ ለሰመራው ልጅ ልብ ስጠው አልኩ።»

ዘሃራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እናቴ አዋሽ ላይ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር ለኔ የምትለምነው ይህንኑ ነው፣ ቃል በቃል። እንግዲህ ማመልከቻዬ በሁለቱም በኩል ገብቷል። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።