ሊናዘዝ ሄዷል

በኛ ሰፈር ጤነኛ ሰው ይቅርታ አያገኝም! ይቅር እንዲሏችሁ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ «ሊሞት ነው» መባል አለባችሁ። አታምኑኝም? እንግዲያው ስሙኝ...

ከጎረቤቴ ከጋሽ ወርቁ ጋር ከተኳረፍን ቆየን። አጥራችን ጥግ የተከልኩት አቮካዶ ፍሬ ሊይዝ ሲል ክው ብሎ ደረቀ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ያደረቁት እሳቸው ናቸው!» እያልኩ የካ ሚካኤል ዙሪያ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። እሳቸውም ሰሙ። ሰላምታ ቀረ።

እኔ ካቶሊክ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተንበረከክሁና ነገሩን ለአባ ዘረገፍኩት።

«ሲያደርቁት አይተሃል?»

«አላየሁም። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ አባ?»

«የጠረጠረም ይናዘዛል! ሄደህ ይቅርታ ጠይቃቸው። ንስሐህ ይኸው ነው።»

ምናለ አቡነ ዘበሰማያት ድገም ብለው ቢለቁኝ! የሰፈራችንን ዳገት ወደ ቤቴ የወጣሁት የይቅርታ ቃሌን እያላመጥኩ ነው።

እኔ ሳልኖር ለካ የጋሽ ወርቁ ሚስት እትዬ አስካለ ባለቤቴን «እሱስ የት ሄደ?» ብለዋት ኖሯል። ባለቤቴ ሆሳዕና ያደገች ካቶሊክ ናት፤ የለመደችውን ተናገረች። «ሊናዘዝ ሄዷል።» ለኛ መናዘዝ ኃጢአትን ለካህን መንገር ነው። ለእትዬ አስካለ ግን የሚናዘዝ ሰው ቤት ንብረቱን ለልጆቹ አከፋፍሎ የሚሰናበት ነው! በዚያ ላይ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኝ፣ ሳሌ አጥር ተሻግሮ ይሰማል...

በሩን ስከፍት ጋሽ ወርቁ ኮፍያቸውን አውልቀው ሳሎኔ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ሳትሄድ ይቅር በለኝ። አቮካዶህን ያደረቅኩት እኔ ነኝ። አጥሬን ሊጥለው ሲል ሥሩ ላይ ናፍጣ አፈሰስኩበት።»

እዩልኝ እንግዲህ! በከንቱ ጠረጠርኩ ብዬ ተናዝዤ መምጣቴ እኮ ነው! ደሜ ፈላ። ግን ሽማግሌው እንባ አቅርረዋል...

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩ፣ ድምፄን እንደ ጻድቅ አቅጥኜ።

ይኼኔ ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። «ጋሼ፣ ሊናዘዝ ነው ያልኩት ንስሐ ሊገባ ነው ማለቴ እኮ ነው! ሕመሙም ጉንፋን ነው።»

ጋሽ ወርቁ ብድግ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አትሞትም?»

«ለጊዜው... አልሞትም።»

ይቆጣሉ ስል መልሰው ተቀመጡ። «እንግዲያው በጤናህ ድገመው። ነገ በአጥሩ ላይ የምንተያየው እኔና አንተ ነን።»

እንደ ሟች ይቅር ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አሁን ግን ያ አቮካዶ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አሳዘኑኝ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሼ። እርስዎም ስላማሁዎት ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር!»

ተሳሳምን። ግን አልሄዱም፤ ኮፍያቸውን እያሹ ቆሙ።

«ምነው፣ ጋሼ?»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው!»

«እንዲያ ከሆነ... ጓሮህ የደረቀው ኮክም የእኔ ሥራ ነው።»